ዘቢደርን የመረጥኩበት ፆም

የካቲት 21፣ ሰኞ

ሚዛን 58.4። ቅበላው ያስታውቃል።

ይህን ደብተር የሰጡኝ አሰልጣኜ ጋሼ ሰውነት ናቸው። «ጠዋት ጠዋት ሚዛንሽን ጻፊበት፤ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪበት» ብለውኛል። እጨምርበታለሁ። ለሰው የማይነገር ነገር ሲበዛ የሚወርድበት ቦታ ይፈልጋል።

ዛሬ በቡጢ ክበባችን ግድግዳ ላይ ማስታወቂያው ተለጠፈ። የደጋ ቀበቶ፣ ሴቶች፣ 57 ኪሎ። ሻምፒዮን ሥራነሽ፣ ከደብረ ማርቆስ። ቀኑ ሚያዝያ 23፣ የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ እዚሁ ከተማችን አዳራሽ ውስጥ። ከእኔ ስም ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። የምሞላው እኔ ነኝ። ቀበቶዋን ሁለት ጊዜ ያስጠበቀች ሻምፒዮን ለሦስተኛው ከቀረቡላት ሁለት ስሞች አንዱን ትመርጣለች ይላል ደንቡ። የቀረቡልኝ ሂዊ ከባሕር ዳርና ዘቢደር ከሉማሜ ናቸው።

ሂዊን ኅዳር ላይ ያሸነፍኳት በአንድ ነጥብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀኝ እጇ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። በመጨረሻው ዙር ግራ ዓይኔን ያገኘችኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ዘቢደር ሃያ ስምንት ሞልቷታል፤ ሉማሜ አውቶቡስ የሚቆምበት ጋ ሻይ ትሸጣለች፤ ከሰባት ግጥሚያ አራቱን ተሸንፋለች።

ከተማው የሚጠብቀው ሂዊን ነው። እኔ ደግሞ ዘቢደርን ልመርጥ ነው። ምክንያት አለኝ። ብዙ ምክንያት አለኝ።

የካቲት 22

58.1። ሩጫ እስከ ውትርን ድልድይ ደርሶ መልስ። ገመድ።

የፋሲካ ቀሚስ ትእዛዝ ከአሁኑ አሥራ አንድ ደርሷል። የዘንድሮ መርፌ ደግሞ ቀዳዳው ጠበበ፤ አንዱን ክር ለማስገባት ስንት ጊዜ እንደፈጀሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ታላቅ እኅቴ ይታይሽ ከየት ሱቅ እንደገዛችው እጠይቃታለሁ።

የካቲት 25፣ ዓርብ

ከልምምድ በኋላ ጋሼ ሰውነት አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝና የጓንቴን ማሰሪያ እየፈቱ፣

«ማንን ልጻፍ?» አሉኝ።

«ዘቢደርን።»

ማሰሪያውን ፈትተው ጨረሱ። ከዚያ፣ «ስሚ ሥራነሽ» አሉ። «ሻምፒዮን ቀለል ያለ ሰው ቢመርጥ ነውር የለበትም። ግን ጊዜ አለው። ሲታመም፣ ከሕመም ሲመለስ፣ ወይም ሊያቆም ሲል ነው። አንቺ የትኛው ነሽ?»

«ፆም ላይ ነኝ።»

«እሷስ ፋሲካ ላይ ናት?»

ቤት ገብቼ ነው መልሱ የመጣልኝ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አንደኛ፣ ሂዊን አሸንፌያለሁ። ያሸነፍኩትን ሰው ደግሜ ደግሜ እንዳሸንፍ የፈረምኩት ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ዘቢደር ለዚህ ቀበቶ ስሟን ስታስገባ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ሁሉም እያለፋት ይሄዳል። ሻምፒዮኑ ሁሉ ጠንካራ ጠንካራውን ብቻ ከመረጠ እሷን የመሰለች ሴት መቼ ተራ ይደርሳታል? ሦስተኛ፣ የፋሲካ ስፌት አለብኝ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ የምወጣበት ትንፋሽ የለኝም። ደግሞም ዘቢደር ፆም የምትፆመው አጥብቃ ነው አሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም። እኔ በስድስት ሰዓት እፈታለሁ። ሃምሳ አምስት ቀን እንዲያ የፆመች ሴት በሳምንቷ ሪንግ ውስጥ ገብታ በአራተኛው ዙር ክንድ ከየት ታመጣለች? ይህን የመጨረሻውን ለጋሼ አልነግራቸውም። ይቆጡኛል።

አራቱም እውነት ናቸው። አንዱንም አልዋሸሁም።

የካቲት 28፣ ሰኞ

57.9።

በባጃጅ ስሄድ ከፊት የተቀመጠው ሰው ሳያውቀኝ፣ «ያቺ ልብስ ሰፊዋ ሂዊን ፈርታ ነው አሉ» አለ። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አይቶ አወቀኝና ጉሮሮውን ጠረገ። ስወርድ ሰውየውን ትከሻውን መታ መታ አደረግኩትና፣ «ትኬት ልተውልህ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ስገባ የሱቁ መቃን ግራ ትከሻዬን ገጨኝ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛዬ ነው። ያን በር ያስገባው አናጢ ልክ አያውቅም።

መጋቢት 2፣ ዓርብ

የንስሐ አባቴ ቄስ አበባው መጥተው ነበር። እናንተ ቤት ፆሙ እንዴት ይዟችኋል፣ አሉ። ይታይሽ ፈጠን ብላ፣ «አባ፣ እሷ እኮ ግጥሚያ አለባት፤ እንቁላል ወተት ቢፈቅዱላት» አለች። ማን ጠየቃት።

ቄስ አበባው አዩኝ። «ሕመም ካለብሽ ንገሪኝ፤ ለታመመ ፆሙ ይላላል። ጤነኛ ከሆንሽ ግን ለድብድብ ብዬ አላላላም።»

«ጤነኛ ነኝ አባ።»

«ደህና።»

መስቀል አሳልመውኝ ወጡ። ምን ሆኗል ሰዉ? ጋሼም «ታመሻል ወይ»፣ ቄሱም «ታመሻል ወይ»። በፆሙም በሪንጉም ማረፍ የተፈቀደለት በሽተኛ ብቻ ነው። በሽተኛ አይደለሁም፤ ዛሬ ጠዋት አሥር ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ።

ይታይሽ ሰሞኑን አዲስ አመል አውጥታለች። ማታ ከሱቁ ከመውጣቷ በፊት መርፌዎቹን ሁሉ በየቀለሙ ክር አስገብታ የመርፌ ትራሷ ላይ ትሰካቸዋለች። ለምን ስላት፣ «ጠዋት ጊዜ እንዳይገድለን» አለች። ትክክል ናት። ከዚህ በፊት ሳናስበው ቀርተን ነው።

መጋቢት 5፣ ሰኞ

ጋሼ ሰውነት ፊቴ «ዘቢደር» ብለው ጻፉ፤ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ኪሳቸው ሲከቱ፣ «እሺ፤ ያንቺ መብት ነው። ግን አንድ ቀን የትኛው እንደሆነ ትነግሪኛለሽ» አሉ።

ማታ ዘቢደር ደወለች። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘችው እንጃ። ከበስተጀርባዋ የአውቶቡስ ጥሩንባ ይሰማል።

«እትዬ ሥራነሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ሰው ስቆብኝ ነበር። አሁን ማን ይስቃል! ልጄ ሰፈሩን ሁሉ ዞራ አወራች።»

«በርቺ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል። ስልኩን ዘጋሁ። ስለመረጥኩሽ ነው እንዴ የምታመሰግኚኝ? ቀላል ስለሆንሽ እኮ ነው። ኧረ ተዪኝ።

መጋቢት 12፣ ሰኞ

57.6። ጥሩ ነው።

ጋሼ እጃቸው ላይ ያጠለቁትን ፓድ ስመታ፣ ቀኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ሦስቴ ሳትኩ። እሳቸው ፊት ለፊት ሲቆሙ ቀኛቸው በእኔ ግራ በኩል ነው የሚሆነው። «ወዴት ነው የምታዪው?» አሉ። «ላብ ገባብኝ» አልኩ። ፎጣ ሰጡኝ፤ ጠረግኩ፤ ደግሜ ሳትኩ። ከዚያ አንገቴን ትንሽ ወደ ግራ ዞር አድርጌ መቆም ጀመርኩ፤ ተስተካከለ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድም አልሳትኩም። ሰው ካልሰነፈ መላ አያጣም።

አዲሱን አቋቋም በየቀኑ እለማመደዋለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት። በቀረኝ ስድስት ሳምንት የማልለምደው ነገር የለም።

መጋቢት 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ እትዬ ፍቅርአዲስ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ጎረቤታችን ናት፤ ቀሚስ ማሰፋት ከጀመረች ከእኛ ሌላ ሰው ጋ ሄዳ አታውቅም። ለበሰችና መስታወቱ ፊት ቆመች። ቆየች።

«ሥራነሽ» አለች ቀስ ብላ፤ «መስቀሉ ዘመመ እንዴ?»

የደረቱን ጥለት የሠራሁት እኔ ነኝ። አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየኝ። አንገቴን አዞርኩና አየሁት። አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ሄዷል። ከላይ እስከ ታች፣ በቅንነት፣ አንድም ስፌት ሳልስት ነው ያዘመምኩት።

ይታይሽ ከውስጥ ወጣችና፣ «እኔ ነኝ፤ ተቻኩዬ ነው። ነገ ማታ ነይ እትዬ» አለች። እትዬ ፍቅርአዲስ ስትሄድ ቀሚሱን ወስዳ መፍታት ጀመረች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ለምን ዋሸሽልኝ ልላት አፌን ከፍቼ፣ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሲገባኝ መልሼ ዘጋሁት።

ከሱቁ በር በላይ ቀበቶዬን ታጥቄ የተነሳሁት ፎቶ አለ። ከስሩ «የሻምፒዮኗ ልብስ ስፌት» የሚል አለ። ዓይኗ ደክሟል ከተባለ ማን ቀበቶ ይሰጠኛል፣ ማንስ ጨርቁን ያምነኛል? በቡጢውም በስፌቱም የምበላው በዓይኔ ነው።

ደክሞኝ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። ይህን የጻፍኩት ለነገሩ ያህል ነው።

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

57.2። አሥራ አምስት ቀሚስ ወጣ፣ ዘጠኝ ቀረ።

ዘንድሮ ዝንቡ በዛ። ሱቅ ውስጥ በግራዬ በኩል ሽው ሽው ይላል። እጄን ሳወራጭ ይታይሽ፣ «ምኑን ነው የምታባርሪው?» አለችኝ።

ሚያዝያ 1

አምፖሉ ብልጭ ብልጭ እያለ አስቸገረኝ። ቀየርኩት። አዲሱም ያው።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

ጋሼ ሰውነት ተቆጡኝ። አዲሱን አቋቋሜን አዩና፣ «ይህ የማን ነው? እንዲህ ቆመሽ ቀኟን እንዴት ትከላከያለሽ?» አሉ። «ቀለል ያለች ናት ጋሼ፤ ልሞክረው» አልኩ። «ለቀላሏ ሰው አዲስ ነገር አይሞከርም» አሉ፤ ፓዱን አውልቀው ጣሉት።

እውነታቸውን ነው። ግን ሁለት ሳምንት ተኩል ቀረ። ወደ ኋላ አልመለስም። ቀበቶዬን አስጠብቃለሁ፣ ከዚያ በክረምቱ ባሕር ዳር ሄጄ ሐኪም ጋ እታያለሁ። የምታየው ለእጄ ነው፤ አውራ ጣቴን ያመኛል።

ሚያዝያ 14፣ ስቅለት

ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን። ስግደቱን መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ግንባሬን ከመሬት ሳነሳ ነጠላዬ በግራ ዓይኔ ላይ የወደቀ መሰለኝ። ጥቁር ሆነብኝ። ላነሳው እጄን ስሰድ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነው።

አጠገቤ የነበሩት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ተቀመጪ።» አልቀመጥም አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰገድኩ። ጥቁሩ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አልሄደም።

ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት። ፈራሁ። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ።

ሚያዝያ 16

ፋሲካ። ዶሮውን ለምልክት ያህል ቀመስኩ፤ ሚዛን አለብኝ። ይታይሽ ሰሐኑን በቀኜ በኩል አስቀመጠችልኝ።

ሚያዝያ 22፣ ቅዳሜ

56.9። ዘቢደር 56.2። ሚዛን ላይ ስትወጣ አየኋት፤ ክንዷ የጉድ ነው፤ የውኃ ጀሪካን ስታመላልስ የኖረች ሴት ክንድ። ሳቀችልኝ። ሳቅሁላት።

ከዚያ የሐኪም ምርመራ። አዲስ ሐኪም ነው። የሹካ ምልክቶች ያሉበትን የዓይን ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ ሹካው ወደ ላይ ነው፣ ወደ ታች ነው፣ ወደ ቀኝ ነው እያልሽ ትናገሪያለሽ። ወረፋ ስጠብቅ በቀኝ ዓይኔ አጠናሁት። አባታችን ነፍሳቸውን ይማረውና ደብረ ወርቅ መሪጌታ ነበሩ፤ ገና ፊደል ሳልቆጥር በቃሌ ያስጠኑኝን ዛሬም አልረሳሁም። ስድስት መስመር ሹካ ምን አላት። ተራዬ ሲደርስ ቀኝ ዓይኔን ሸፈኑልኝ፤ በግራው እስከ መጨረሻው መስመር ወረድኩት። እንዳላስነቃ አንዱን ሆን ብዬ ሳትኩ።

«ጎበዝ» አለኝ ሐኪሙ።

አባቴ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር? ያስተማሩኝ ለዚህ አልነበረም። ግን አንድ ቀን ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ነገ ያልቃል።

ሚያዝያ 23፣ እሑድ

አሸነፍኩ። በነጥብ። ሁለት ዳኛ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንደኛው ዙር የእኔ። ሁለተኛው ላይ ቀኟ መጣ፤ ሦስቴ፤ ከየት እንደመጣ አላየሁትም፤ ጉልበቴ ታጠፈ፤ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ ቀኝ እጇ ወረደ። አራተኛው ላይም። በግራዋ ብቻ ነካ ነካ። እንዳልኩት ነው፤ ፆሙ አድክሟታል። ፆሙ ነው።

ጋሼ እጄን ሲያነሱልኝ ፊታቸው አልፈካም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀበቶው ወገቤ ላይ ነው። አልፈታሁትም።

ሚያዝያ 24፣ ሰኞ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፤ አንዱንም አላስቀርም።

ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ማሽኑ ጋ ተቀምጬ ሳለሁ ጋሼ ደወሉልኝ። ይታይሽ ከውስጥ ጨርቅ ትቆርጣለች። ጋሼ፣ «ሁለተኛው ዙር ላይ ምን ሆነሽ ነበር?» አሉኝ። እኔም እየሳቅሁ፣ «ምንም አልሆንኩም። እሷ ናት የሆነችው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፆም ሰው አራት ዙር አይዘልቅም፤ ሳስበው የነበረው ነው» አልኳቸው። ስልኩን ዘጋሁ።

«እኔን ፆም አያደክመኝም» አለ ድምፅ በግራዬ።

ክው አልኩ። ዘቢደር ናት። ከበሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መቼ እንደገባች፣ መቼ እንደተቀመጠች አላየሁም። ከእኔ ሁለት ክንድ አይርቅም።

«ገብቼ በእጄ ሰላም አልኩሽ» አለች። «ዝም አልሽኝ። የማታዪኝ መሆኑን ላረጋግጥ ነበር የመጣሁት፤ አረጋገጥኩ።»

ይታይሽ መቀሱን እንደያዘች ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ሦስቴ ስመታሽ አንዱንም አልዘጋሽም» አለች ዘቢደር። «ሻምፒዮን ነሽ፤ ሦስቴ ዝም ብሎ ቡጢ የሚቀበል ሻምፒዮን የለም። ዓይንሽን አየሁት። ቀኙ ይከተለኛል፣ ግራው ቆሟል። ከዚያ በኋላ ቀኜን አወረድኩት።»

«ለምን? ቀበቶው እኮ ያንቺ ነበር።»

«አዎ፤ የእኔ ነበር።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ እስከዚያ ድረስ ደህና ነበረች። «ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነው። ልጄ ከፊት ተቀምጣለች። እትዬ ሥራነሽ፣ ቀላል ናት ብለሽ ስለመረጥሽኝ አልተቀየምኩም። መብትሽ ነው፤ እኔም በዚያ ምክንያት ነው ተራ የደረሰኝ። ግን ሙሉ ሰው ነኝ ብለሽ ገባሽ። ዓይንሽ በእኔ ቡጢ ቢፈስስ ምን ልሆን ነበር? ሉማሜ ላይ ሻይ ስቀዳ፣ ‹ያቺ ናት ያሳወረቻት› ሲሉኝ ልኖር? ለየትኛው ቄስ ነው ንስሐ የምገባው? እኔ ሳላውቅ በእኔ እጅ ልታጠፊው ነበር።»

እስከ ዛሬ በሪንግ ውስጥም ውጭም እንዲህ አልተመታሁም። አራቱ ምክንያቶቼ ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ እውነት ናቸው፤ አንዱም ግን አልጠቀመኝም። አለቀስኩ። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

ዘቢደር ሻንጣዋን አነሳች። «አውቶቡስ ያመልጠኛል። ታከሚ» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «አንደኛው ዙር ላይ ግን በደንብ ነው የመታሽኝ» አለች።

ሚያዝያ 25

ጋሼ ሰውነት ቤት ሄድኩ። ቀበቶውን በፌስታል ይዤ።

«የመጀመሪያው ነኝ» አልኳቸው። «ሲታመም ያሉኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ከኅዳር።»

«ያኔ ብትነግሪኝ ዘቢደርንም አልጽፍም ነበር። ማንንም አልጽፍም ነበር። ቀበቶሽ ሳጥንሽ ውስጥ ተቀምጦ ታርፊ፣ ትታከሚ ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ፓድ ስትስቺ እኔስ ምን እየሠራሁ ነበር?»

ለውድድሩ አዘጋጆች የምጽፈውን ደብዳቤ አብረን ጻፍን። ሰሌዳውን እንደሸመደድኩ ጭምር። ጋሼ፣ «ይህን ብትተዪው ምን ይመስልሻል?» አሉ። አልተውም አልኩ።

ሚያዝያ 28፣ ዓርብ

ባሕር ዳር። ይታይሽ አብራኝ ናት። የዓይን ሐኪሟ ረጅም ጊዜ በመብራት አየችኝ። ከዓይኔ በስተኋላ ያለው ሥሥ ሽፋን ተላቅቋል። ዝንቡም ብልጭታውም መጋረጃውም እሱ ነው። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ቶሎ። የሄደው ምን ያህል እንደሚመለስ ቃል አትገባም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል አለች። ኅዳር ላይ ብመጣ ኖሮ የሚለውን አልጠየቅኋትም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ቡጢ ለዘለዓለሙ ቀርቷል።

«ሌላ ሥራ አለሽ?» አለችኝ።

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«በአንድ ዓይንም ይሰፋል፤ ትለምጂዋለሽ።»

ቀጠሮው ግንቦት 12 ነው።

ግንቦት 4፣ ኀሙስ

የአዘጋጆቹ መልስ መጣ። ቀበቶው ወደ እነሱ ተመልሷል፤ ሂዊና ዘቢደር ሰኔ 19 ይጋጠሙበታል። እኔ ለሁልጊዜው ታግጃለሁ። ከተማው የሚያወራውን ያውራ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። እትዬ ፍቅርአዲስ ዛሬ መጥታ ሁለት ቀሚስ አዘዘች። «መስቀሉን ይታይሽ ትሥራው፤ ቀሪውን አንቺ» አለች። እንዲህ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው ደስ ይለኛል።

ፎቶውን ከበሩ በላይ አወረድኩት። ጽሑፉን ጋሼ ይተው አሉ፤ እኔ ግን ሰረዝኩት።

ግንቦት 6

ለዘቢደር ደወልኩ። ሂዊን የማውቃት እኔ ነኝ አልኳት። ቀኟን ከመወርወሯ በፊት ግራ ተረከዟን እንደምታነሳ፣ ሲደክማት አገጯን እንደምትረሳ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጻፈችው። በየማታው ከሥራ በኋላ ልትደውልልኝ ተስማማን። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ሳምንት በሆዴ ተኝቼ ነው የምቆየው አሉኝ፤ ተኝቶም ማውራት ይቻላል።

«ሂዊ ቀላል አይደለችም» አለችኝ።

«አይደለችም። አንቺም አይደለሽም።»

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ነገ ወደ ባሕር ዳር ነው። ሚዛን መጻፍ ካቆምኩ ሰነበትኩ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ሥራ መጨረስ ፈልጌ ነበር። ዘቢደር ወደ ሪንግ ስትገባ የምትደርበው ካባ ነው። ሰማያዊ ሳቲን፣ ከኋላው «ዘቢደር፣ ሉማሜ» የሚል። ገላውን በማሽን ጨረስኩት፤ ስሙ በእጅ ነው የሚጠለፈው። ይታይሽ እንደ ልማዷ መርፌዎቹን አዘጋጅታ ነበር፤ ነጭ ክር የገባበት ግን የለም። ነጩን ረስታዋለች።

መርፌውን በብርሃኑ በኩል ያዝኩት። ክሩን አቀረብኩ። ሳተ። ደገምኩ። ሳተ። እጄን አወረድኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «አይታየኝም። ክር አስገቢልኝ።»

ይታይሽ የምትተኩሰውን ቀሚስ ትታ ቀና አለች። አጠገቤ መጥታ መርፌውን ከእጄ ወሰደች፤ የክሩን ጫፍ በምራቋ አረጠበችና በአንዴ አሳለፈችው።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ እንድትጠይቂኝ እየጠበቅሁ ነው» አለች።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ስሙን መጥለፍ ጀመርኩ። በየፊደሉ መጨረሻ ቀና ብዬ፣ «ቀጥ ብሏል?» እላታለሁ። ቀጥ ካለ ቀጥ ብሏል ትለኛለች፤ ከዘመመ ትፈታዋለች።